በፈረቃ እየሠሩ ካቶሊካዊ ሕይወት፦ የግድ የሆነው የቱ ነው፣ በፈቃድ የሚደረገውስ?

#1 ትሕትና12

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ፤ በግዕዝ ሥርዓት የተጠመቅሁ ካቶሊክ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ። አራት ጥያቄ አለኝ። እሑድ ፈረቃ ሲሆን ቅዳሴው እንዴት ይደረጋል? በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ጾም እንዴት ይያዛል? ኑዛዜ በየስንት ጊዜ ነው፣ ዝግጅቱስ? ጊዜ ለሌለው ሰው የዕለት ጸሎት ምን ያህል ነው? «ዝም ብለሽ ጸልዪ» የሚል መልስ በቂ ደርሶኛል። ሰዓቱንና መጠኑን የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።

#2 የቁምስና_ጸሐፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በሁለት ክፈይው፤ አንዱ ግዴታ ነው፣ ሌላው መንፈሳዊ ልማድ። ሰው የሚሰለቸው ሁለቱን ሲደባልቅ ነው። ሰኞ ተነሥቶ የሙሉ መቁጠሪያ ጸሎት፣ የዘጠኝ ቀን ጸሎት፣ የዕለቱ ንባብ፣ ፍኖተ መስቀል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዱ ይቀራል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀራል፤ ከሁሉም ጋር የእሑዱ ቅዳሴም አብሮ ይሄዳል። ግዴታው ግን ትንሽ ነው፦ እሑድና የታዘዙ በዓላት፣ የታዘዙ የጾም ቀናት፣ ከባድ ኃጢአት ካለ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኑዛዜ፣ በፋሲካ ሰሞን ቁርባን፣ ቤተ ክርስቲያንን በአቅም መርዳት። መቁጠሪያም ሆነ የዘጠኝ ቀን ጸሎት እዚህ ውስጥ የሉበትም። መልካም ናቸው፤ ግን ባታደርጊያቸው ኃጢአት አይሆኑብሽም።

ስለዚህ መጀመሪያ የፈረቃ ሠንጠረዡን አምጪ። የወሩ ሠንጠረዥ በወጣ ቀን ቁጭ ብለሽ አራቱን (አንዳንዴ አምስቱን) እሑድ ምልክት አድርጊባቸው። ለእያንዳንዱ እሑድ ሦስት አማራጭ አለ፦ ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ጠዋት፣ እሑድ ከሰዓት ወይም ማታ። ግዴታው የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው፤ እሑድ እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል። የራስሽ ቁምስና (አጥቢያ) የቅዳሜ ማታ ቅዳሴ ከሌለው የሌላውን ጠይቂ። አዲስ አበባ ውስጥ የግዕዝም (የምሥራቁ ሥርዓት) የላቲንም (የምዕራቡ) ቁምስናዎች፣ የገዳማውያን ቤቶችም አሉ፤ ሰዓታቸው ይለያያል። ለቤትሽና ለሆስፒታሉ የሚቀርቡትን የሦስት ቁምስናዎች የቅዳሴ ሰዓት ጠይቀሽ ስልክሽ ላይ ያዢ። በየትኛውም የካቶሊክ ሥርዓት የተቀደሰ ቅዳሴ ግዴታውን ይፈጽማል።

አንዱም የማይገጥምበት እሑድ ሲመጣ ፈረቃ መለዋወጥ ነው። ሙስሊም ባልደረቦች የዓርብ ቀትር ሰዓትና ኢድ ያስፈልጋቸዋል፤ አድቬንቲስቶች ቅዳሜን። እሑድሽን ከእነሱ ጋር መለዋወጥ ከኦርቶዶክስና ከጴንጤ ባልደረባ ጋር ከመለዋወጥ ይቀላል፤ እነዚያም እሑድን ይፈልጉታልና። ጥያቄውን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመሽ አቅርቢ። በዋዜማው «ነገ ቅዳሴ አለብኝ» ማለት የክፍል ኃላፊዋን ከማስቆጣት በቀር ምንም አያመጣም።

#3 ትሕትና12

መለዋወጥም ካልተቻለስ? አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተረኛ ሆኜ፣ በዋዜማውም ሌሊት ሠርቼ የማድርበት እሑድ አለ።

#4 የቁምስና_ጸሐፊ

ያኔ ግዴታው የለም። በሽተኛን መንከባከብ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2181 ሕመምንና የሕፃናት እንክብካቤን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ቆሞሱም (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) በቂ ምክንያት ካለ ከግዴታው ነፃ ሊያደርጉሽ ይችላሉ። ሁኔታሽን አንድ ጊዜ ዘርዝረሽ ንገሪያቸው፤ በየሳምንቱ እየደወሉ መጠየቅ አያስፈልግም። በስልክ ወይም በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ቅዳሴ ግዴታን አይተካም። ግዴታው በተነሣልሽ ቀን ግን ብታዳምጪው መልካም ነው፤ መንፈሳዊ ቁርባንም (ክርስቶስን በጸሎት ወደ ልብ መቀበል) አድርጊበት።

አንድ ጥንቃቄ። «ደክሞኛል» እና «አልቻልኩም» ይለያያሉ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ መፈለግ ብቻውን ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም፣ ምክንያት የሚሆንበት ቀንም አለ። ከሕሊናሽ ጋር በሐቀኝነት ተነጋገሪ።

#5 ዘግዕዝ

ጸሐፊው በደንብ ተናግረዋል፤ በምሥራቃዊው ሕግ በኩል ጥቂት ልጨምር። እኛን የሚመራን እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ነው፤ የ1983ቱ የላቲኖቹ ነው። ቀኖና 881 እሑድና በዓል ላይ በቅዳሴ መሳተፍን ያዛል። እንደየቤተ ክርስቲያኑ ደንብ ወይም ሕጋዊ ልማድ በማኅበር የምስጋና ጸሎት መሳተፍንም ይጠቅሳል፤ ይህን ግን በራስሽ አትተርጉሚው፣ ቆሞስሽን ጠይቂ።

የታዘዙ በዓላት ብዙ ይመስላሉ። ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የጋራ የሆኑት ከእሑድ ሌላ አምስት ናቸው፦ ልደት፣ ጥምቀት፣ ዕርገት፣ የእመቤታችን ዕረፍት፣ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል። ከእነዚህም በየቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ሕግ የተነሣ ወይም ወደ እሑድ የተዛወረ ሊኖር ይችላል። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም እያሉ ማክበር መልካም የአገር ልማድ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ በሥራ ምክንያት ለዓመታት ላቲን ቁምስና ብታስቀድሺም ላቲን አትሆኚም። ልማዱ ምንም ያህል ቢረዝም የቤተ ክርስቲያን አባልነትን አይቀይርም፤ ለዚያ የተለየ ሕጋዊ ሂደት አለው። ይህ ለጋብቻና ለልጅ ጥምቀት ስለሚያስፈልግ የጥምቀት ምስክር ወረቀትሽ የት እንዳለ እወቂ።

#6 ሰላማዊት_ገልፍ

እኛ በሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራውስ? የዕረፍት ቀን የለንም፣ ቢኖርም ዓርብ ነው። ብዙ እህቶች «ኃጢአት ተከማቸብኝ» እያሉ ይጨነቃሉ።

#7 ዘግዕዝ

እህቴ፣ ከቤት መውጣት የተከለከለች ሴት ግዴታ የለባትም። የማይቻል ነገር አይታዘዝም። ይህን ለእነዚያ እህቶች በግልጽ ንገሪያቸው፤ ያልሠሩትን ኃጢአት እየተናዘዙ ነው።

በገልፍ ያሉት የላቲን ቁምስናዎች ዓርብም የእሑዱን ቅዳሴ ያደርጋሉ፣ ምክንያቱ የሥራ ሳምንቱ ነው። ዓርቡ በግዴታው መቆጠር አለመቆጠሩ የሚወሰነው በየአገሩ ባለው ጳጳስ ነው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በጃንዋሪ 2022 የሳምንት ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ስላዛወሩ የድሮውን ማስታወቂያ አትመኑ። አዲሱን ከቁምስናው ሰሌዳ አንብቡ። ኩዌት፣ ዶሃ፣ ባሕሬን፣ አቡ ዳቢና ዱባይ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኖች አሏቸው። ሳዑዲ ውስጥ ግን በይፋ የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ እዚያ ያለች እህት የግል ጸሎትና መንፈሳዊ ቁርባን ይበቃታል።

ጾምን በተመለከተ ቀኖና 883 ከቤተ ክርስቲያናቸው ግዛት ውጭ ያሉ ምእመናን በሚኖሩበት ቦታ ያለውን የበዓልና የጾም ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መከተል እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዶሃ ያለች የግዕዝ ልጅ ገናን በዲሴምበር 25 ከላቲኖቹ ጋር ብታከብር አላጠፋችም።

#8 ሐዋሳ_ላቲን

ጾሙን ባጭሩ፦ ዓርብ ሥጋ የለም፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ። ሙሉ ጾም በዓመት ሁለት ቀን ነው፣ የዐመድ ረቡዕና ስቅለት፣ ከ18 ዓመት እስከ 59። በእነዚያ ቀናት አንድ ሙሉ ማዕድና ሁለት ትንንሽ፤ ሁለቱ ተደምረው አንዱን ሙሉ ማዕድ አያክሉም። ወተትና እንቁላል አይከለከልም። ዓሣም ይፈቀዳል። ከዚህ በላይ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

#9 ዘግዕዝ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ለላቲን ሥርዓት ልክ ነው። እሷ ግን የግዕዝ ናት። በቀኖና 882 መሠረት ጾማችን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን በደነገገችው መንገድ ነው፤ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ምን ያህሉ ግዴታ፣ ምን ያህሉ ምክር እንደሆነ የየዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያና የሀገረ ስብከቱ ማስታወቂያ ይናገራል። ስለ ዓሣም ከሐዋሳ ሆኖ ለአዲስ አበባ አይፈረድም።

#10 ሐዋሳ_ላቲን

እሺ ተቀብያለሁ። ግን በዚያው በ883 ሁለተኛ አንቀጽ ባልና ሚስት ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ከሆኑ የአንዱን ሥርዓት መከተል ይችላሉ አይልም?

#11 ዘግዕዝ

ይላል፤ የሚናገረው ግን ስለ ሁለት ካቶሊኮች ነው፣ ለምሳሌ የግዕዝ ሚስትና የላቲን ባል። የትሕትና ባል ኦርቶዶክስ ስለሆነ ያ አንቀጽ በቀጥታ አይነካውም። እሷ ግን ከግዴታዋ በላይ ብትጾም የሚከለክላት የለም።

#12 እማማ_ወለተ

ልጆቼ፣ ቀኖናውን እናንተ ጨርሱት፤ እኔ ስለ ወጥ ቤቱ ልናገር። ባልሽ ኦርቶዶክስ ከሆነ በሁዳዴ ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ሁሉ ይጾማል። ሁለት ዓይነት ወጥ በየቀኑ መሥራት ያደክምሻል። የሚቀለው ይህ ነው። ለሳምንቱ የሚበቃ ቁሌት በዘይት ብቻ አብስይ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላይ፣ ውኃው ሲደርቅ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ጨምሪና ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ እየሰጠሽ አብስይው። ሲበርድ በዕቃ ከፋፍለሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ። ለጾሙ ድስት ምስር ወይም ሽሮ፤ የሚፈስክ ልጅ ወይም በሽተኛ ካለ ከዚያው ቁሌት ቀንሰሽ በሌላ ድስት፣ ቅቤውን በመጨረሻ። ቅቤ የገባበት ማንኪያ ወደ ጾሙ ድስት እንዳይመለስ። በብዙ ቤት ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህች ማንኪያ ነው። መጥበሻም ሁለት ይሁን፤ ብረቱ ቅቤውን ይይዛልና አንድ መጥበሻ ብቻ ያለው ቤት ባልየውን ሳያውቅ ያስፈስከዋል።

አንቺ በዓርብ ብቻ ከሥጋ ብትከለከዪም በሁዳዴ ከባልሽ ጋር አንድ ላይ ብትበሉ ይሻላል። ማዕዱ አንድ ይሆናል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት መሆኑም በእንጀራው ላይ አይታይም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ስኳር ያለባት፣ መድኃኒት በምግብ የምትወስድ ግን አትጹም። ነርስ ስለሆንሽ እኔ ልነግርሽ አይገባም።

#13 ትሕትና12

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማንኪያዋ እውነት ናት። ወደ ኑዛዜ ብንሄድስ?

#14 ጉልላት

ኑዛዜ ላይ በጣም ጥቂት ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ ሰው ያበዛዋል። ሕጉ ለከባድ ኃጢአት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይላል። ለልማዱ በወር አንድ ጊዜ መልካም ነው፣ በሠንጠረዥሽ ላይ ከአንዱ ቅዳሜ ጋር አያይዢው። ከባድ ኃጢአት የሚባለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ጉዳዩ ከባድ ሲሆን፣ ሲያውቁት፣ በሙሉ ፈቃድ ሲያደርጉት። አንዱ ከጎደለ ከባድ አይሆንም።

ዝግጅቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ አጭር ጸሎት፤ ከዚያ ካለፈው ኑዛዜ ወዲህ ያለውን ጊዜ በሦስት ክፍል ማየት፣ ከእግዚአብሔር ጋር፣ ከቤተሰብ ጋር፣ ከሥራ ጋር። ሥራውን አትዝለዪው። ነርስ ከሆንሽ የሚታየው እዚያ ነው፦ በሽተኛ ላይ መጮህ፣ ያልተሰጠን መድኃኒት ተሰጠ ብሎ መጻፍ፣ የሆስፒታል ጓንትና ፋሻ ወደ ቤት መውሰድ፣ ወረፋ ለማስቀደም ገንዘብ መቀበል፣ የባልደረባን ስም ማጥፋት።

ገብተሽ ስትንበረከኪ ወይም ስትቀመጪ፦ «አባ ይባርኩኝ፤ ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ ከተናዘዝሁ ሁለት ወር ሆኖኛል» በይ። ቀጥሎ ከባዶቹን በዓይነትና በቁጥር። ቁጥሩ በትክክል ካልታወሰ «በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል» ይበቃል። ከዚያ ቀላሎቹን፣ ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም። «እነዚህንና ያላስታወስኋቸውን» ብለሽ ትጨርሻለሽ። ጠቅላላው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦ የባልን ኃጢአት መናዘዝ (ይህ በጣም የተለመደ ነው)፣ ሙሉ ታሪክ ማውራት፣ «አባ ሰው ነኝ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ምንም ሳይጠቅሱ መውጣት፣ አሳፋሪውን አንዱን አውቆ መደበቅ። የመጨረሻው ኑዛዜውን ያበላሸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ያረዝሙታል እንጂ አያበላሹትም። ረስተሽ የቀረ ከሆነ ይቅር ተብሏል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትጠቅሺዋለሽ። የተሰጠሽን ንስሐ በዚያው ቀን ፈጽሚው፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ምን እንደነበር ትረሺዋለሽ።

ከተወሰደ ነገር ጋር የተያያዘ ኃጢአት ከሆነ ይቅርታው ብቻ አይበቃም፣ መመለስ አለበት። ጓንቱን በስምሽ መመለስ ካሳፈረሽ ዋጋውን በሆስፒታሉ የድኾች ሕክምና ሣጥን ክተቺ፣ ወይም ካህኑ መንገዱን ይነግሩሻል። ማን እንደመለሰ መታወቁ ግዴታ አይደለም።

#15 በረከት_ዘ_ልደታ

ጉልላት፣ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን የወረስነው ነገር አለ፤ «የነፍስ አባት» ከሌለኝ መናዘዝ አልችልም ማለት። ካቶሊክ ኑዛዜ የመስማት ሥልጣን ላለው ማንኛውም ካህን መናዘዝ ይችላል። ቋሚ መምህረ ንስሐ መያዝ ጥሩ ነው፣ በተለይ በትንሽ በትልቁ ለሚጨነቅ ሰው አስፈላጊ ነው፤ ካህን ከቀያየረ ጭንቀቱ ይብስበታልና። ሌላው ግን እሳቸው ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄደዋል ብሎ ስድስት ወር መጠበቅ የለበትም።

ለፋሲካ በመጨረሻው ሳምንት አትሂዱ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ካህናቱም ይደክማሉ። ሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ ደብረ ዘይት አካባቢ ብትሄዱ በጸጥታ ትናዘዛላችሁ።

#16 ቶማስ_ጂ

ኃጢአቴን በስልኬ ማስታወሻ ላይ ብጽፈው ይከፋል? ወረቀት ይጠፋብኛል።

#17 ጉልላት

አይከፋም፣ ግን ስልክህን የምትከፍተው አንተ ብቻ ነህ ወይ? ማስታወሻዎች ከጠፉም በኋላ በሌላ መሣሪያ ላይ ይቀራሉ። የካህኑ ምሥጢር ጠባቂነት ፍጹም ነው፣ የስልክህ ግን አይደለም። ወረቀት ይሻላል፤ ከኑዛዜው ስትወጣ ቅደደው፣ ቤት ደግሞ አቃጥለው።

#18 የቁምስና_ጸሐፊ

አራተኛው ጥያቄ ቀረ፣ የዕለት ጸሎት። ለፈረቃ ሰው ጸሎቱን ከሰዓት ጋር ማሰር አይሠራም፤ ከሥራ ጋር እሰሪው። ሌሊት ለሚሠራ «ጠዋት 12 ሰዓት» ማለት የመኝታ ሰዓት ሊሆን ይችላልና። ስትነሺ፣ የትም ሰዓት ይሁን፣ በመስቀል ምልክት አማትቢና አንድ አባታችን ሆይ፣ አንድ ሰላም ለኪ፣ አንድ ስብሐት ለአብ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከመተኛትሽ በፊት ሕሊናሽን መርምሪ፣ አምስት ደቂቃ፦ አመስግኚ፣ ብርሃን ለምኚ፣ ቀኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቺ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ ለነገ አንድ ነገር ወስኚ። ይህን ያስፋፋው የሎዮላው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ነው፤ የተጨናነቀ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው እንኳ ይህን እንዳይተው ይመክር ነበር። ለአንቺም የምመክረው ይህን ነው። ከመቁጠሪያው ይልቅ ይህ ይቅደም።

በዚህ ላይ የሚጨመረው የብሥራቱ ጸሎት ነው፤ በአበሻ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀትር 6፣ ማታ 12። ሁለት ደቂቃ ነው። በፈረቃ ሦስቱ አይሆኑም፣ አንዱን ያዢ።

#19 ማርያማዊት

መቁጠሪያውን በጣም ዝቅ አደረጋችሁት! ሙሉው አምስት ምሥጢር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ 53 ሰላም ለኪ፣ 6 አባታችን ሆይ። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ የብርሃን ምሥጢር ነው። የብርሃኑን ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2002 የጨመሩት ስለሆነ የድሮ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

ለፈረቃ ሰው ከፋፍሎ መድገም ይቻላል፦ አንዱ አሥር (አንድ አባታችን ሆይና አሥር ሰላም ለኪ) ታክሲ ውስጥ፣ አንዱ ምሳ ላይ፣ አንዱ ስትመለሺ። አንድ አሥር ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በጣት የሚጠለቀው ባለ አሥር ቀለበት ለታክሲ ይመቻል፣ ሰውም አያይም። ነርስ ከሆንሽ ግን በሥራ ሰዓት አታድርጊው፤ ቀለበት ጀርም ይይዛል፣ እጅሽን በደንብ ለመታጠብም ያስቸግርሻል። በሥራ ላይ በጣቶችሽ ቁጠሪ።

የሚያበላሸው ፍጥነቱ ነው። «ቅድስት ማርያም» የሚለውን ክፍል የመጀመሪያው ሳያልቅ መጀመር ልማድ ሆኗል፣ በማኅበር ሲደገም ደግሞ ይብሳል። ከፈጠነብሽ አንድ አሥር ብቻ በዝግታ ድገሚ።

#20 የቁምስና_ጸሐፊ

እኔ ዝቅ አላደረግሁትም፤ ግዴታ አይደለም ነው ያልኩት። አንድ አሥር በዝግታ በሚለው እስማማለሁ።

#21 ሐዋሳ_ላቲን

የዕለቱን ንባብ የምታነቡ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሱን ስትገዙ ተጠንቀቁ። የ66ቱ ሲሆን ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ፣ ሁለቱ መቃብያን የሉበትም፤ የአስቴርና የዳንኤል ተጨማሪ ክፍሎችም እንዲሁ። የካቶሊክ ቍጥር 73 ነው። «81 ያለው ገዛሁ» ብላችሁም አትርኩ፤ የኢትዮጵያው መጽሐፈ መቃብያን ላቲኖቹ ከሚያነቡት መቃብያን ጋር ስሙ አንድ እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው። ኅዳር አካባቢ የመቃብያን ንባብ ሲመጣ «ገጹ ጠፋ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የግዕዝ ሥርዓት ሰዎች ደግሞ ንባባችሁን ከግጻዌ ተከተሉ፣ የላቲን የንባብ ቅደም ተከተል ሌላ ስለሆነ የሁለቱን አታደባልቁ።

#22 በረከት_ዘ_ልደታ

ሁላችሁም ስለ ጸሎት ተናገራችሁ፤ ስለ ቤት ሠራተኛ ማንም አላነሣም። ትሕትና በፈረቃ ከሠራች ቤቷ ውስጥ የምትረዳት ሴት ልትኖር ትችላለች፤ በዚህ ክር ላይ ካሉት የብዙዎቻችን ቤትም እንደዚያው ነው። ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2187 የሌላውን ሰው የእሑድ ዕረፍት የሚያሰናክል አላስፈላጊ ሥራ አትጠይቁ ይላል። እኛ ነጠላ ለብሰን ቅዳሴ ሄደን እሷ እሑድ ጠዋት ዶሮ ስትገነጥል ከዋለች የእኛ እሑድ ጎዶሎ ነው። በግልጽ እንነጋገር።

በተግባር፦ የእሑዱ ምሳ ቅዳሜ ይሠራ፣ እሑድ ማሞቅ ብቻ። እሑድ ከጠዋት እስከ ቀትር ነፃ ትሁን፤ ኦርቶዶክስ ከሆነች ወደ ደብሯ፣ ሙስሊም ከሆነች የዓርብ ቀትሯን ስጧት፣ ለጸሎት የሚሆን ንጹሕ ቦታም አሳዩአት። ደመወዟ የታወቀ ቀን ይኑረው፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፤ «ሲመቸኝ» አይባልም። የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ወይም ማዘግየት ከባድ በደል ሊሆን እንደሚችል ቁጥር 2434 ላይ አለ፤ የያዕቆብ መልእክት 5፥4ም አለላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) በቤት ውስጥ የግል አገልግሎት የሚሰጡትን አይሸፍንም። ስለዚህ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የምትጠበቀው በእናንተ ሕሊና ነው። ውሉን በወረቀት ጻፉ፦ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመም ሲመጣ ማን ያሳክማል የሚለውን። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ የእሷ። ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት።

#23 እማማ_ወለተ

እውነት ነው ልጄ። በዓል ላይም እንዲሁ። በፋሲካ ሌሊት እሷ ብቻዋን ሽንኩርት ልጣ፣ እኛ ዕልል ስንል አያምርም።

#24 ሰላማዊት_ገልፍ

ይህን ወደ ዓረብኛ ተርጉሞ የሚልክልኝ ሰው ቢገኝ 😀

#25 ቶማስ_ጂ

ከዋናው ትንሽ ልውጣ። ካቶሊክ እናት፣ ኦርቶዶክስ አባት ከሆኑ ልጁን ማን ያጠምቀዋል? ክርስትና አባቱስ ኦርቶዶክስ ሊሆን ይችላል?

#26 ዘግዕዝ

ከጋብቻው በፊት ካቶሊኳ ልጆቿ በካቶሊክ እምነት እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ ቃል ትገባለች። ባልየው ይህን ቃሏን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ እሱ ራሱ እንዲምል ግን አይገደድም። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ቤተሰቦች ይጣላሉ። ልጁ ካቶሊክ ሆኖ ከተጠመቀና ካቶሊኳ እናት ብቻ ከሆነች በእናቱ ቤተ ክርስቲያን ይመዘገባል፤ እዚህ ላይ በግዕዝ።

የክርስትና አባት ጉዳይ፦ ቀኖና 685 በተገቢ ምክንያት ከካቶሊክ ያልሆነ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የክርስትና አባት እንዲሆን ይፈቅዳል፣ ግን ከካቶሊክ የክርስትና አባት ወይም እናት ጋር አብሮ። አንዱ ካቶሊክ ካልሆነ አይሆንም። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኩል የራሷ ሥርዓት አላት፤ ዘመዱ ከራሱ ካህን ጋር ቀድሞ ይነጋገር፣ በዕለቱ በር ላይ ውዝግብ እንዳይነሣ። እንዲሁም በባልሽ ደብር ቅዳሴ ስትገቢ በጸሎቱ ተሳተፊ እንጂ ለቁርባን አትቅረቢ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አትፈቅድምና።

#27 ትሕትና12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው የምይዘው፦ የወሩን ሠንጠረዥ በወጣበት ቀን፣ ማታ የአምስት ደቂቃ ምርመራ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ኑዛዜ። መቁጠሪያ አንድ አሥር፣ ማርያማዊት አትቀየሚኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ ቅዳሴ ስሄድ፣ ሌሊት የበላሁት ለቁርባን ያግደኛል?

#28 ዘግዕዝ

በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት አንድ ሰዓት ነው፤ የሚቆጠረው ከቅዳሴው መጀመሪያ ሳይሆን ከምትቀበይበት ደቂቃ ወደ ኋላ ነው። ውኃና መድኃኒት አይቆጠሩም። አረጋውያን፣ በሽተኞችና አስታማሚዎቻቸው ከዚህ ነፃ ናቸው። በግዕዝ ሥርዓት ሰዓቱን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ደንብ ይወስነዋል፤ ልማዱም ከአንድ ሰዓት ይረዝማል፣ ቆሞስሽን ጠይቀሽ ያዢው። ለማንኛውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ምግብ ባትቀምሺ ለጠዋቱ ቅዳሴ አንዱን ሰዓት በሰፊው ታልፊዋለሽ።

#29 እማማ_ወለተ

ቡናም ይቆጠራል ልጄ፣ ጥቁሩም ቢሆን። ተረኞቹ ሊነጋጋ ሲል የሚያፈሉትን ትተሽ ውኃ ጠጪ፤ ቡናውን ከቅዳሴ መልስ ባልሽ ያፍላልሽ።